ወርቅያንጥፉና ጨዋ እንግዶቿ

ተረት ከሰማይ አይወርድም፤ አንዱ ሲሞኝ ሌላው ቆሞ አይቶ ነው የሚተርተው። ይህንን ያስተረተችው ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ናት ይላሉ።

በቀይ ባሕር ዳር መርሳ ሐሊብ የምትባል መንደር ነበረች። ቀድሞ ከዓሣ አጥማጅ በቀር ዘወር ብሎ የሚያያት አልነበረም። ኋላ መርከቦች መቆም ሲጀምሩ ወርቅያንጥፉ ከደጋ ወርዳ ሆቴል ከፈተች፤ አረቄው፣ ቁማሩ፣ ክራሩና ቆነጃጅቱ ተከትለው መጡ። ከዚያ ወዲያ የመንደሯ ስም ልጆች እንዳይሰሙ በሹክሹክታ ይጠራ ጀመር። ያም ሆኖ ከደጋ የሚወርደው ሰው አላነሰም፤ ሁሉም «ሐኪም ለወገቤ ሙቅ አሸዋ አዞልኝ ነው» ይላል። በዚያ ዘመን የወገብ በሽታ እንዴት ጸንቶ ነበር!

አንድ ቀን አቶ ልሳነወርቅ የሚባል ባለ ከረባት ሰው መጥቶ «ወይዘሮ፣ ይህን ጉድ ቢያጸዱት የከተማው ታላላቅ ቤተሰቦች ለዕረፍት እዚህ ይወርዳሉ። እኔ አመጣቸዋለሁ» አላት።

ወርቅያንጥፉ ልቧ ዘለለ። ስንት ዘመን የመርከበኛ ስድብ ስትሰማ ስትኖር፣ አንዲት ባለትዳር ሴት በመንገድ «እንደምን አደርሽ» ብላት አታውቅም ነበር።

የቁማሩን ጠረጴዛ ፈልጣ ማገደችው። አረቄውን ባሕር ላይ ደፋችው፤ ዓሦቹ ሰክረው ሰነበቱ ይባላል። በመጨረሻ ዝማምን ጠራች። ዝማም ሆቴሉ ገና ዳስ ሳለ ጀምሮ አብራት የሠራች፣ ወባ ሲጥላትም ያስታመመቻት ሴት ናት።

«ሴቶቹን ይዘሽ ውጪልኝ» አለቻት፣ ፊቷን ሳታይ።

«እትዬ፣ ጨዋ ሰው እኮ ዓሣውን በልቶ ይተኛል። እርስዎ በምን ሊኖሩ ነው?»

«በክብር!»

ዝማም ሴቶቹንና ክራረኛውን ጀልባ ላይ አሳፍራ ማዶ ወዳለችው ደሴት ተሻገረች። መርከበኞቹም ተከተሏት።

ጨዋዎቹ መጡ። ወርቅያንጥፉ ነጭ ለብሳ እጅ ስትነሣ ዋለች። ከምሳ በኋላ ወይዛዝርቱ ሲያሸልቡ አንድ ሸበቶ ዳኛ ወደ ጓዳ ብቅ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወይዘሮ… ያ የሚባለው ነገር የት ነው?»

«የቱ ነገር ጌታዬ?»

«ለወገብ የሚሆነው።»

«እሱማ ቀርቷል! ቤቱ አሁን የጨዋ ነው።»

ዳኛው መርዶ የሰማ መሰለ። ከእሱ በኋላ አንድ ነጋዴ መጣ፤ ከነጋዴው በኋላ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ራሱ አቶ ልሳነወርቅ!

ብዙም ሳይቆይ ሚስቶቹ «ሙቀቱ ገደለን» ብለው ወደ ደጋ ተመለሱ። ባሎቹ ግን ወገባቸው ገና አልዳነም ነበርና ጀልባ ተከራይተው ማዶ ተሻገሩ። ሆቴሉ ኦና ሆነ፤ አዲሱን ቀለም የባሕሩ ጨው ይልጠው ጀመር።

ወርቅያንጥፉ ኩራቷን ውጣ ሐጂ ኢድሪስ በሚባሉ ሽማግሌ ጀልባ ወደ ደሴቲቱ ሄደች። ዝማም በአዲሱ ቤቷ በር ላይ ቆማለች። ከኋላዋ ክራሩ ይደረደራል፤ ዳኛው እጅጌውን ሰብስቦ ካርታ ያድላል።

«ዝማሜ፣ አንድ ክፍል ስጪኝና እንደ ድሮው አብረን እንሥራ።»

«ብሰጥዎት ደስ ባለኝ እትዬ። ምን ላድርግ፣ ቤቱ በጨዋ ሰው ሞልቷል።»

ስትመለስ አንገቷን ደፍታ ከጀልባው ወርዳ ሄደች። በባሕሩ ዳር መረብ ሲጠግኑ የነበሩ ሰዎች «ምን ሆና ነው እንዲህ ያቀረቀረችው?» ብለው ሐጂ ኢድሪስን ጠየቋቸው። ሽማግሌው ጀልባቸውን እያሰሩ፣ «ምን ትሆናለች!» አሉ፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።»