የዘርፌ ልጅና የተቆለፈው ጽሑፍ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ባልሆነ ጊዜ፣ ዘርፌ የምትባል ሴት በአንዲት የወረዳ ከተማ ሆስፒታል ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ በማግስቱ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ዘርፌ ይህን መንቀጥቀጥ ታውቀዋለች፤ ከዚህች በፊት የወለደቻቸውን ሁለት ልጆች በዚሁ ሕመም ቀብራለች። ስለዚህ አላለቀሰችም። የሐኪሙን ጋውን ጨምድዳ ያዘችና «ዶክተር፣ ይቺን እንኳ ያትርፉልኝ» አለችው።

አምሳሉ የሚባለው ይህ ሐኪም ያለውን ማስታገሻ ሁሉ ሰጠ። ሕመሙ አልበገር አለ። ስልኩን አውጥቶ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ያዘና አንድ ጽሑፍ አገኘ። እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ በአንድ ተራ መድኃኒት ይቆማል ይላል። መድኃኒቱ ብርቅ አይደለም፤ እዚያው ሆስፒታል መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ሐኪሙ አስመጣና ጽሑፉ ባዘዘው መጠን በመርፌ ቀዳ። መርፌውን ሊያስጠጋ ሲል ግን ዓይኑ ከጽሑፉ አናት ላይ ባለች አንዲት መስመር ዐረፈ። «ይህ የመጀመሪያው ረቂቅ ነው። የአራስ ሕፃናት መጠን ታርሟል፤ የታረመውን መጽሔቱ ላይ ይመልከቱ» ትላለች።

መርፌውን ከልጅቱ አራቀ። ወደ መጽሔቱ ገጽ ሄደ፤ ተቆልፏል። በውጭ አገር የባንክ ካርድ ካልከፈልክ አታነብም አለው። የወረዳ ሐኪም ይህን ከየት ያመጣዋል? መጠኑ ቢበዛ የልጅቱን ትንፋሽ ያቆማል፤ ቢጎድል ደግሞ አያድናትም። ከንፈሯ መጥቆር ጀምሯል።

ልጅቱን በዚህ ጭንቅ ላይ ትቼ አውሮፓ መሻገሬ እንደሚያበሳጫችሁ አውቃለሁ። ግን ካልተሻገርን ነገሩ አይገባችሁም። እዚያ ያሉት ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ሦስቱም የእኛው ልጆች፣ እንጀራ ፍለጋ የሄዱ።

ጽሑፉን የጻፈችው ትርሲት ናት። መድኃኒቱን ስትፈትን ወጣትነቷ አልፏል። ጥናቷን እንደጨረሰች ለአንድ ስመ ጥር መጽሔት ላከችው። የአገሩ ልማድ እንዲህ ነበር፦ ምርምሩ በሕዝብ ገንዘብ ይሠራል፤ ተመራማሪው ጽፎ ለመጽሔቱ በነፃ ይሰጣል፤ መጽሔቱ ይመረምርና ቆልፎ ለዚያው ሕዝብ ይሸጣል። የገዛ ላሙን ወተት ከጎረቤት እንደሚገዛ ሰው ማለት ነው። ይህ ይብቃ፣ ለሁሉም ይከፈት የሚለው ክርክር ያኔ ተጋግሎ ነበር፤ ግን ገና አልለየለትም። ትርሲት እስኪለይለት አልጠበቀችም። «ሕመምተኛ ወረፋ አይጠብቅም» ብላ ረቂቁን ለዓለም ለቀቀችው። ደግ አደረገች። የለቀቀችው መጠን ግን የተሳሳተ ነበር። ስህተቱ ሲነገራት ረቂቁን ከኢንተርኔት ታንሣው ያሏት ነበሩ። የታረመውን እንዳትለቅ ደግሞ ለመጽሔቱ ፈርማለች። «መድኃኒቱ መኖሩን እንኳ ይወቁ» አለችና ያቺን የማስጠንቀቂያ መስመር ጨምራ ረቂቁን እንዳለ ተወችው።

ስህተቱን ያገኘችው ምንታምር ናት፣ የመጽሔቱ አርታዒ። ሌሎች ሊቃውንት አንብበው አልፈውት ነበር። እሷ ግን ለትልልቅ ልጆች የተሰላው መጠን ሳይለወጥ ለአራሶች መወሰዱን አየች። «ይህ አይወጣም» አለች። አለቃዋ አጣደፋት፣ ትርሲት ሰደበቻት፤ እሷ ንቅንቅ አላለችም። ጥናቱ እንደገና ተሰልቶ፣ እንደገና ተፈትሾ ወጣ። ከወጣ በኋላ ለአንድ ዓመት የቆለፈችውም ራሷ ምንታምር ናት። ለምን ሲሏት፣ «በነፃ ይለቀቅ የምትሉ ሁሉ፣ ስህተቱን ማን በነፃ ይፈልግላችኋል?» ትላለች። እኔም ይህን ስሰማ አፌን ይይዘኛል።

ሦስተኛዋ ውድነሽ ናት፤ ትርሲት በምትሠራበት ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ። የታረመው ጽሑፍ ቅጂ እሷ ዘንድ አለ። ዓመቱ ሳይሞላ ላትከፍተው ቃል ገብታ ፈርማለች።

አሁን ወደ ልጅቱ እንመለስ፤ ዕለቱ እሑድ ነው። አምሳሉ መጽሔቱ ቢሮ ደወለ፤ ዝግ ነው። ትርሲት ጋ ደወለ፤ አውሮፕላን ላይ ስለነበረች ስልኳ አይሠራም። በመጨረሻ ረቂቁ ላይ ስሙ ወደተጻፈው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሲደውል ተረኛዋ ውድነሽ አነሣች። ስሟን ስትነግረው እንግሊዝኛውን ጣለው።

«እህቴ፣ ሕፃን እጄ ላይ እየሞተችብኝ ነው። ከትርሲት ጽሑፍ የአራሶቹን መጠን፣ አንዲት ቁጥር ብቻ ንገሪኝ።»

«ፈርሜያለሁ እኮ፣ ወንድሜ።»

«እኔ ደግሞ መርፌ ይዤ ቆሜያለሁ።»

ውድነሽ ቅጂውን አወጣችና ቁጥሩን ነገረችው። እዚያ ላይ ብታቆም ማንም ባላወቀባት። እሷ ግን «ነገ ሌላው ሲደውል እኔ ባልኖርስ?» ብላ ጽሑፉን ለዓለም ሁሉ ከፈተችው።

ሐኪሙ የቀዳውን ደፍቶ በአዲሱ መጠን ቀዳና ወጋት። ዘርፌ የልጅቱን እግር ይዛ ትጠብቃለች። እግሩ በእጇ ውስጥ ሲንፈራገጥ ቆየና ቀስ እያለ ረገበ። ሞተች ብላ ልትጮህ ስትል ልጅቱ አለቀሰች። ያን ጊዜ እናትየውም አለቀሰች።

ውድነሽ በዚያው ሳምንት ከሥራ ተባረረች። ትርሲት ያልታረመ ጽሑፍ ለቀሻል ተብላ ዕድገቷ ታገደ። ምንታምርን ደግሞ ሕፃን ልታስገድል ነበር እያለ የማያማት ጠፋ።

የልጅቱ ሰማንያ ቀን ሲደርስ ዘርፌ ነገሩን ሁሉ ከሐኪሙ ሰምታ ነበርና ሦስቱንም ወደ ክርስትናው ጠራቻቸው። መጡ። እያንዳንዷ ክርስትና እኔ አነሣለሁ አለች። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ገና ጸሎቱ ሳይጀመር ተያያዙ።

«እኔ ባልደክም መድኃኒቱን ማን ያውቀው ነበር?» አለች ትርሲት።

«ባንቺ መጠን ቢሆን ዛሬ የምናነሣት ልጅ ባልኖረች» አለች ምንታምር።

«ባንቺ ቁልፍም ቢሆን» አለች ውድነሽ በቀስታ።

ምንታምር ዞር ብላ አየቻት። «ቃሏን ላፈረሰች ሴት ልጅ በአደራ ይሰጣል?»

የውድነሽ ዓይን እንባ ሞላ። ዘርፌ ሁሉንም ሰማች። ክርስትና እናት አንዲት ናት፤ እናት ብትሞት ልጅ የሚወድቀው በእሷ እጅ ነው። ዘርፌም ገና ትወልዳለች፤ ሕመሙ ደግሞ በደሟ አለ፤ የሚቀጥለውም ልጅ የእነዚህን ሴቶች ሥራ ይፈልጋል።

ቄሱ ልጅቱን ከውኃው አወጧት። በረዳትና ጮኸች። «ማናችሁ ናችሁ የምትቀበሏት? ቶሎ በሉ እንጂ!» አሉ። ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰው ሁሉ ወደ ዘርፌ ዞረ።

እኔን ብትጠይቁኝ ፍርዴ በየቀኑ ይለዋወጣል፤ ከሰው ጋርም አጣልቶኛል። እናንተ ግን ፍረዱ፤ ልጅቱ በርዷታል። በዘርፌ ቦታ ብትሆኑ ለማን ታስታቅፏት ነበር?