የእመት ጃርት ቋጠሮ

ተረት ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ። ጠጋ አላችሁ? እንግዲያውስ እግዚአብሔር ለእኔ አንደበቱን፣ ለእናንተ ልቦናውን ይስጠን።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ እንደ እኛ ሲነጋገሩ፣ ገመድም እንኳ ምክር ሲያውቅ፣ ውሃ የሚቸግረው አንድ ቆላ አገር ነበር። በዚያ አገር የነበረችው ምንጭ አንዲት ብቻ ናት። የምንጯም ባለቤት እመት ጃርት ነበረች። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ድሃ ብትሆንም ቀና ብላ የምትሄድ ጃርት ናት። ድኩላ ሲመጣ «ጠጣ» ትለዋለች። ጦጣ ስትመጣ «ጠጪ» ትላታለች። እርግብ ስትመጣ «ጠጪ፤ ለልጆችሽም በአፍሽ ያዥላቸው» ትላታለች። ማንንም ከልክላ አታውቅም።

አንበሳ ይህን አየና ልቡ ተነሳሳ። «ያቺ ምንጭ የእኔ ብትሆን አደን መውጣት ቀረልኝ» አለ። «ውሃ ሊጠጣ የመጣውን እዚያው ተጋድሜ እበላዋለሁ።»

በጉልበት እንዳይነጥቃት ነብርና ጅብ «እኛስ?» ብለው ሊጣሉት ነው። ስለዚህ ሦስቱ ከሾላው ሥር ተሰብስበው ሕግ አወጡ።

አንበሳ፦ «መሬት ያለው ሁሉ ባለ አራት ማዕዘን አድርጎ ይከልል። በየዓመቱም ለአንዳችን ድርሻ ይስጥ። ድርሻውም የመሬቱን ወርድ ሙሉውን የያዘ፣ አራት ጎኑ እኩል የሆነ ይሁን» አለ።

ነብር፦ «እኩል መሆኑስ ደግ ነው፤ ያንተ ረዘመ፣ የእኔ አጠረ አንባባልም። ግን ጎኑም በተራ ይዙር። መጀመሪያ ከምዕራብ፣ ቀጥሎ ከሰሜን፣ ቀጥሎ ከምሥራቅ፣ ቀጥሎ ከደቡብ። እንዲያ እየዞረ ይሂድ» አለ። ይህን ያለው አንበሳን ስላላመነው ነው።

ጅብ፦ «እኔም አንድ ልጨምር። ባለድርሻው ራሱ መጥቶ፣ በድርሻው ላይ አራት እግሩን አቁሞ ‹የእኔ ነው› ካላለ አይጽናለት። ተኝቼ ሳለሁ በስሜ እንዳትበሉብኝ» አለ። ይህን ያለው ሁለቱንም ስላላመናቸው ነው።

ሕጉ ወጣ። መጀመሪያ የከለለችው ጦጢት ነበረች። «አራቱንም ጎን እኩል አድርጌዋለሁ፤ እዩት እንዴት እንደሚያምር!» አለች። አንበሳ መጣ፣ ወርዱን ሙሉ ያዘ፣ እኩል አድርጎ ቆረጠ። ቢቆርጥ መሬቱ በሙሉ ሄደ። ጦጢት ጅራቷን ብቻ ይዛ ወጣች።

ሁለተኛ ዝንጀሮ ከለለ። «እኔ እንደ ጦጢት ሞኝ አይደለሁም» አለና ቁመቱን የወርዱን እጥፍ አደረገው። አንበሳ መጣና ከምዕራብ ቆረጠ። የቀረው አራት ጎኑ እኩል የሆነ ሆኖ ቁጭ አለ። «ወየው! ለከርሞ ነብር ሲመጣ ጠቅልሎት ሊሄድ ነው» ብሎ ዝንጀሮ ራሱን ያዘ።

ሦስተኛዋ እመት ጃርት ናት። ቤቷ ገባችና ተንበርክካ «ጌታ ሆይ፣ ምንጯን የሰጠኸኝ አንተ ነህ፤ ጠብቅልኝ» ብላ ጸለየች። ስትነሳ፣ ከግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቃጫ ገመድ አናገራት።

«እመት ጃርት፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«መሬቴን በምን ልክ እንደምከልል ጨነቀኝ። እኩል ባደርገው እንደ ጦጢት፣ እጥፍ ባደርገው እንደ ዝንጀሮ መሆኔ ነው።»

«አውርጂኝና ቋጥሪኝ» አላት። «ቋጠሮው ለሁለት ይከፍለኛል፤ ታላቅ ክፋይና ታናሽ ክፋይ። ልኩ ግን እንዲህ ነው፦ እኔ ሙሉው ታላቁን ስንት እጅ ከበለጥኩት፣ ታላቁም ታናሹን ያንኑ ያህል እጅ ይብለጠው። እናት ለታላቅ ልጇ እንደሆነች፣ ታላቅም ለታናሹ እንዲያው ይሁን።»

እመት ጃርት መሐል ላይ ቋጠረችው። «አይደለም፤ እኔ ክፋዬን ሁለት እጅ ስበልጠው፣ ሁለቱ ክፋዮች አንዱ አንዱን አልበለጠም። ፍቺው» አላት።

ወደ ጫፉ አስጠግታ ቋጠረችው። «ኧረ አይደለም! ታላቁ ታናሹን አራት እጅ በልጦት እኔ ታላቁን በጥቂት ብቻ በለጥኩት። ታናሹን አዋረድሽው፤ ፍቺው» አላት።

በሦስተኛው ከመሐል ትንሽ አለፍ አለች። ቋጠረች፣ ለካች፣ ፈታች። ደግሞ ቋጠረች፣ ለካች። ሙሉው ታላቁን አንድ እጅ ተኩልና ጥቂት በለጠው። ታላቁም ታናሹን አንድ እጅ ተኩልና ጥቂት በለጠው።

«እሰይ! እዚያው ላይ ያዢው!» አለ ገመዱ።

«ያቺ ጥቂት የምትባለው ስንት ናት?» አለችው።

«ስትለኪያት ብትኖሪ አታልቅልሽም። የፈጠራት ያውቃታል። አሁን ሙሉዬን ለቁመቱ፣ ታላቁን ክፋይ ለወርዱ አድርጊና ከልዪ። ምንጯም ከየት በኩል እንደምትውል በጆሮሽ ልንገርሽ።» በጆሮዋ ነገራት። እመት ጃርት ከጀርባዋ እሾህ እየነቀለች በአራቱ ማዕዘን ተከለች። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ እሾሆቹን ወዲህም ወዲያም ስታዛውር፣ ገመድ ስትወጥር ዋለች። ጎረቤቶቿ «ይቺ ጃርት አበደች» አሉ።

አንበሳ መጣ። ከምዕራብ ለካ፣ እኩል አድርጎ ቆረጠ፣ አራት እግሩን አቁሞ «የእኔ ነው!» ብሎ አገሳ። ምንጯ ግን ከወሰኑ ወዲያ ቀረች። ዞር ብሎ የተረፈውን መሬት አየና ዓይኑን አሸ።

«ምነው፣ ይሄ መሬት አልተቆረጠም እንዴ? መልኩ ያው ነው!»

«ተቆርጧል እንጂ ጌታዬ» አለች እመት ጃርት። «ድሮ ቁመቱ ሙሉው ገመድ፣ ወርዱ ታላቁ ክፋይ ነበረ። አሁን ቁመቱ ታላቁ፣ ወርዱ ታናሹ ሆነ። አነሰ፤ መልኩ ግን ያው ነው።»

ለከርሞ ነብር መጣ። ከሰሜን ለካ፣ እኩል አድርጎ ቆረጠ፣ አራት እግሩን አቁሞ «የእኔ ነው!» አለ። ምንጯ አሁንም ከወሰኑ ወዲያ ቀረች። የተረፈውም መሬት መልኩ ያው ነው።

በሦስተኛው ዓመት ጅብ መጣ። «ምንጯ ወደ ምሥራቅ ናት፤ የምሥራቁ ተራ ደግሞ የእኔ ነው!» ብሎ ውሃ መቅጃ ቅል ሳይቀር ይዞ ነው የመጣው። ለካ፣ እኩል አድርጎ ቆረጠ። የውሃው ፍንጣሪ አፍንጫው ላይ አረፈ፤ ምንጯ ግን ለጥቂት ከወሰኑ ወዲያ ሆነች።

«ወሰኑን ትንሽ ገፋ ባደርገው ምን አለበት?» አለ ጅብ።

«አያ ጅቦ፣ አንተ ወሰን ከገፋህ እኔም የአንተን እገፋለሁ» አለ ነብር ጥፍሩን እያወጣ።

«ኧረ ቀልዴን ነው!»

ጦጢት ከዛፍ ላይ ሆና «አያ ጅቦ፣ ቅሉን ለእኔ ስጠኝ፤ ቀድቼ ላምጣልህ» አለችው። እንስሳቱ ሁሉ ሳቁ።

አንበሳ ተናደደ። «ከእንግዲህ ዓመት አልጠብቅም! ዛሬውኑ ሦስታችን እየተቀባበልን እንቆርጣለን፤ ምንጯን ሳልይዝ ከዚህ አልሄድም!»

እመት ጃርት እሾኋን አቁማ ፊት ለፊቱ ቆመች። «ጌታዬ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ያሉት እርስዎ ነዎት። ሕግዎን ካፈረሱ ይማሉልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«በሕጉ ቆርጠው ምንጯ ላይ ከደረሱ፣ እኔና ልጆቼ ነገ አገር ለቀን እንሄዳለን። ካልደረሱ ግን የወሰዳችሁትን ሁሉ ትመልሳላችሁ። የእኔን ብቻ አይደለም፤ የጦጢትንም፣ የዝንጀሮንም።»

ልጆቿ እግሯ ሥር ገብተው «እማዬ፣ ተይ!» አሏት። «ዝም በሉ፤ እግዚአብሔር አለ» አለቻቸው።

«እፍኝ የማትሞላ መሬት ልታስፈራራኝ!» አለ አንበሳ። «እናቴ ትሙት፣ ካልደረስኩባት የሁላችሁንም እመልሳለሁ!» ነብርና ጅብም ማሉ።

መቁረጥ ጀመሩ። አንበሳ ከደቡብ ቆረጠ፤ ምንጯ አልተያዘችም። ነብር ከምዕራብ ቆረጠ፤ ምንጯ አልተያዘችም። ጅብ ከሰሜን ቆረጠ፤ ምንጯ አልተያዘችም። ዞሩ፣ ቆረጡ፤ ደግሞ ዞሩ፣ ደግሞ ቆረጡ። መሬቱ አነሰ፣ አነሰ፤ መልኩን ግን አልለቀቀም። ምንጯም ከተረፈው ውስጥ አልወጣችም። ድርሻው የቁርበት ያህል ሆነ። ቀጥሎ የሰፌድ ያህል ሆነ። ያን ጊዜ ተራው የአንበሳ ነበር።

«ይቁሙበታ ጌታዬ» አለች እመት ጃርት።

አንበሳ አንድ እግሩን አኖረ። ሁለተኛውን አስጠጋ። ሦስተኛውን ሲያስገባ የመጀመሪያው ወጣበት። አራቱንም ቋጥኝ ላይ እንደወጣች ፍየል ገጥሞ ወገቡን ቆልምሞ ሲቆም አወዛወዘውና ጧ! ብሎ በቂጡ ውሃው ውስጥ ተቀመጠ።

መጀመሪያ የሳቀው ጅብ ነው። እስከ ዛሬ ሲስቅ የምትሰሙት ያን እያስታወሰ ነው ይባላል።

«እመት ጦጢት ትቁምልኝ፤ እሷ ትንሽ ናት» አለ አንበሳ ከውሃው ውስጥ።

«አይሆንም!» አለ ጅብ ሳቁን ሳይጨርስ። «ባለድርሻው ራሱ ነው የሚቆመው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

አንበሳ ጋማው እየተንጠባጠበ ወጣ። ድምፁም ወረደ። «ለመሆኑ፣ ስንት ጊዜ ብቆርጥ ነበር የምደርስባት?»

ይህን ጊዜ ገመዱ መለሰ። «ጌታው፣ ዕድሜ ልክዎን ቢቆርጡ አይደርሱባትም። እመት ጃርት መሬቱን ስትከልል አንድ ገመድ ከሙሉው መሬት ማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ወጠረች። ሌላ ገመድ ደግሞ እርስዎ ከምዕራብ ቆርጠው ሲሄዱ ከሚተርፈው መሬት ማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ወጠረች። ሁለቱ ገመዶች የሚተላለፉበትን ቦታ በምንጯ ዓይን ላይ አዋለችው። እናንተ በዞራችሁ ቁጥር የሚተርፈው መሬት ማዕዘኖቹ በእነዚያ በሁለቱ ገመዶች መስመር ላይ ነው የሚያርፉት። ጎኑን በተራ አዙሩ ያላችሁት ራሳችሁ ናችሁ፤ ስትዞሩ የዋላችሁት ምንጯን ነው እንጂ ወደ ምንጯ አይደለም።»

ነብር መሬት መሬቱን አየ። ያንን ተራ ያመጣው እሱ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ምን ይባላል? መሐላ ነው። ጦጢት መሬቷን አገኘች፤ ዝንጀሮ መሬቱን አገኘ። የእመት ጃርት መሬት ከየአቅጣጫው ተመልሶ ገጠመና እንደ ድሮው ሰፋ። መልኩ ግን መመለስ አላስፈለገውም፤ አልሄደም ነበርና።

አንበሳ ሲቆርጥ ውሎ ጉሮሮው ደርቋል። ቀና ብሎ ማየት አፍሮ ከወሰኑ ዳር ቆመ።

«ይጠጡ ጌታዬ» አለችው እመት ጃርት። «እኔ ማንንም ከልክዬ አላውቅም። ግን ሲጠጡ አንገትዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ምንጯ ያለችው ዝቅ ብላ ነው።»

አንበሳም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጠጣ። የጃርት ልጆች ግን ከጎኑ ቀና ብለው ቆመው ነበር።

የተማሩ ሰዎች ያንን ልክ ወርቃማ ምጣኔ ይሉታል አሉ። ስሙ ያምራል፤ ይገባዋልም። በዚያ ቆላ ግን እስከ ዛሬ የጃርት ቋጠሮ ነው የሚባለው። እኔም ለልጆቼ የምለው ይህንኑ ነው፦ መሬትህን ቢያሳንሱብህ፣ ጉልበትህን ቢያሳንሱብህ፣ ከእግዚአብሔር የተሰጠህን ልክ አትልቀቅ። ልኩን ያልለቀቀ ቢያንስም ሙሉ ነው።

ተረቴን እዚህ ላይ ቋጠርኩት፤ የሰማ ወስዶ ለልጁ ይፍታው።