ቅጠል ያራገፈችው ሴት

አንድ ገበሬ በብርዳም ደጋ ላይ ሠላሳ የፖም ዛፎች ነበሩት። ስሙ ቢሻው ይባላል፤ ዛፎቹን ተክላ፣ ውኃ በእንስራ ተሸክማ ያሳደገቻቸው ግን ሚስቱ ይታይሽ ናት። ዛፎቹ ክረምት ከበጋ ለምለም ናቸው። መንገደኛው ሁሉ ቆም ብሎ «እንዴት ያምራል፣ እጃችሁ ይባረክ» ሳይል አያልፍም። ቢሻውም ደረቱን ነፋ አድርጎ «አሜን» ይላል። ምን ዋጋ አለው፣ አምስት ዓመት ሙሉ አንዲት ፍሬ ጠብ አላለችም።

በስድስተኛው ዓመት ቢሻው መረረው። «መሬት የያዝነው ለቅጠል ነው እንዴ? ዘንድሮም ካላፈሩ ነቃቅዬ ባሕር ዛፍ እተክልበታለሁ» አላት። ይታይሽ ግን እነዚያን ዛፎች ከልጆቿ ለይታ አታያቸውም። ምክር ፍለጋ ወደ አንድ የፍራፍሬ ባለሙያ ሄደች።

«ቅጠላቸው ይረግፋል?» ሲል ጠየቃት።

«ኧረ አንድም ቀን» አለች በኩራት።

«ችግሩ እሱ ነዋ። ፖም ቅጠሉን ጥሎ ካላረፈ አያብብም። በመጣበት አገር ቅጠሉን የሚያረግፍለት ኃይለኛ ብርድ ነው፤ የእኛ ብርድ አልበቃውም። እንግዲህ ብርዱ አንቺ ሁኚለት። ቅጠሉን በእጅሽ አራግፊው፤ ከዚያ ደህና አድርገሽ አጠጪው።»

በማግስቱ ጀመረች። እንባዋ እየቀደማት ቅጠሉን አንድ በአንድ ለቀመችው። በአራተኛው ቀን ሠላሳውም ዛፍ ራቁቱን ቀረ። መንደሩ ጉድ አለ፤ «ጤናም የላት» ያላት ብዙ ነው። ቢሻው አንገቱን ደፍቶ፣ «አዋረድሽኝ እኮ። ቅጠሉ እንኳ ያስመሰግነን ነበር» አላት።

«ምስጋናው ይቅርብን። አንድ ወር ብቻ ታገሠኝ» አለችው።

ወሩ ሳይሞላ ዛፎቹ አበባ በአበባ ሆኑ። አበባው ፍሬ ቋጠረ፣ ፍሬው ቀላ፤ ቅርንጫፎቹ ከብዷቸው በባላ ተደገፉ። ለለቀማ መንደሩ ሁሉ ወጣ። ቢሻው የመጀመሪያዋን ፖም ቀጠፈና በሰው ፊት ለሚስቱ ሰጣት።

«ለሰው አፍ ስል እጅሽን ይዤ ላስቆምሽ ምንም አልቀረኝም ነበር። ይቅር በይኝ» አላት።

ይታይሽ ፖሟን መልሳ እጁ ላይ አደረገችለት። «አስቀድመህ ቅመሳት፤ ይቅርታው ይደርሳል» አለችው። አገር ምድሩ ሳቀ፤ ባሕር ዛፍ የሚባል ነገር ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት አልተነሣም።

ወዳጄ፣ እኛም የማናረግፈው ቅጠል ሞልቶናል። ማዕረጉ፣ ጭብጨባው፣ የማያልቀው ሩጫችን ሁሉ ቅጠል ነው። ሰው ስላደነቀን ብቻ ያፈራን ይመስለናል። ማራገፍ ያማል፣ ለጊዜውም መሳቂያ ያደርጋል፤ ይታይሽ ግን የሕመሙንም የመሳቂያነቱንም ካሳ በቅርጫት ሞልታ ገባች። አንተስ፣ ሰው እያመሰገነልህ አንተን ግን ፍሬ የከለከለህ ቅጠል የትኛው ነው?