ጭስ አልባው ምድጃና ባና ሠሪው

ዕለቱ ታኅሣሥ ዘጠኝ ነበር፤ ሰዓቱም ከጧቱ አንድ። በመንዝ ገደል ጫፍ በተንጠለጠለችው በአፋፍ በር መንደር፣ ሌሊቱን የወረደው ውርጭ ሣሩን እንደ ጨው አንጥቶታል፤ ፀሐይም ወጥታ ለወጉ ያህል ታበራለች እንጂ አታሞቅም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከበግ ጠጉር ባና እየሠሩ ስንቱን ከብርድ ያዳኑት አቶ ወልደየስ፣ ከሁለት ባና ሥር ሆነው ልጃቸውን ጠሩ።

«አትጠገብ፣ እጄን ልሙቅ።»

ምኞታቸው ይኸው ነው። ከዚህ አይበልጥም።

ምኞቱ ትንሽ ይሁን እንጂ መንገዱ ረጅም ነበር። በመስከረም የጤና ጣቢያዋ ሲስተር የሽማግሌውን ደረት አዳምጣ «ከእንግዲህ ጭስ ጠላትዎ ነው» ብትል፣ አትጠገብ ምድጃ ልትመርጥ ከተማ ወረደች። የከሰል ማንደጃ አየች፤ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል ብላ ተወችው። የኤሌክትሪኩን አየች፤ መብራት በሄደ ቁጥር ብረት ብቻ ይሆናል ብላ ተወችው። በመጨረሻ ከሰጋቱራ የተጨመቀ፣ ጣት የሚያህል እንክብል እየበላ የሚነድ፣ ቤት ውስጥ ቅንጣት ጭስ የማይለቅ ምድጃ አየችና ልቧ በዚያው ቀረ። የዓመቱን የኩበት ክምር ሸጣ ገዛችው፤ አሮጌውንም ጉልቻ ነቅላ ወለሉን በጭቃ ለሰነችው። አብሮት የመጣው የእንክብል ከረጢት ግን በኅዳር አለቀ፤ ሌላ የምትገዛበትም ገንዘብ አልነበራትም። ጎረቤት ኩበት ቢያውሳትም፣ አንድ ጊዜ ብታጤስ ጭሱ አባቷን ደም አስተፋቸው።

እናም በዚያ ጧት ምድጃውን ከፍታ አየችው። ምድጃው ባዶ ሆዱን አሳያት። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጋሽ ጥላዬ፣ ወደ ባለ መጭመቂያው ሄደች።

«ጋሽ ጥላዬ፣ እንክብል ይጭመቁልኝ። እንክብል ከሌለ ምድጃው አይነድም፤ ምድጃው ካልነደደ የአባባ እጅ አይሞቅም።»

«ምን ልጭመቅልሽ፣ ልጄ? አየር ልጭመቅ?» አሉ ጋሽ ጥላዬ፣ በዝምተኛው ማሽን ላይ ክርናቸውን አስደግፈው። «ሰጋቱራ አምጪልኝና እኔም ማሽኑም ያንቺ ነን።»

ወደ ባለ መጋዙ ወደ ፈለቀ ሄደች።

«ፈለቀ፣ ሰጋቱራ ስጠኝ። ሰጋቱራ ከሌለ መጭመቂያው አይጨምቅም፤ መጭመቂያው ካልጨመቀ ምድጃው አይነድም፤ ምድጃው ካልነደደ የአባባ እጅ አይሞቅም።»

«የኔ መጋዝ መንኩሷል፣ አትጠገብ። ከጥቅምት ወዲህ ግንድ አልቀመሰም፤ ጥርሱን እያየሁ እኔው አዝንለታለሁ። ግንድ አምጪ።»

ወደ ደን ጠባቂው ወደ አያ ጓንጉል ወጣች፤ መጥረቢያውን ታቅፎ በዛፎቹ ጥግ ፀሐይ ይሞቃል።

«አያ ጓንጉል፣ አንድ ባሕር ዛፍ ጣልልኝ። ግንድ ከሌለ መጋዙ አይሰነጥቅም፤ መጋዙ ካልሰነጠቀ መጭመቂያው አይጨምቅም፤ መጭመቂያው ካልጨመቀ ምድጃው አይነድም፤ ምድጃው ካልነደደ የአባባ እጅ አይሞቅም።»

«አንድ ዛፍ? አንድ ቅርንጫፍስ ብነካ ዳኛው የኔን ጢም ይቆርጡታል! ዛፉ የእድሩ ነው፣ እቴ። ያለ ዳኛው ቃል መጥረቢያዬ አይነሣም።»

የእድሩ ዳኛ አሥራደ በደጃቸው ተቀምጠው ነበር፤ እስከ ጆሯቸው የተከናነቡት ባናም የአባቷ የእጅ ሥራ ነበር። አትጠገብ ጥለቱን አየችና ተስፋ አደረገች።

«ጌታዬ፣ ቃልዎን ይስጡኝ። ቃልዎ ከሌለ መጥረቢያው አይነሣም፤ መጥረቢያው ካልተነሣ ግንዱ አይወድቅም፤ ግንዱ ካልወደቀ መጋዙ አይሰነጥቅም፤ መጋዙ ካልሰነጠቀ መጭመቂያው አይጨምቅም፤ መጭመቂያው ካልጨመቀ ምድጃው አይነድም፤ ምድጃው ካልነደደ የአባባ እጅ አይሞቅም።»

ዳኛው የእድሩን መዝገብ አስመጥተው፣ ጣታቸውን እያስከተሉ አነበቡላት፦ «ተራራው ተራቁቶ ናዳው ሦስት ቤት ከቀበረ ወዲህ፣ ለለቅሶ ካልሆነ በቀር ከእድሩ ደን አንድም ዛፍ አይቆረጥም።» ከሥሩ ፊርማዎች ተደርድረዋል። ከሁሉ በላይ የሰፈረው የወልደየስ ነበር።

«ለሞተ ሰው ዛፍ አለ፤ ለበረደው ሰው የለም?» አለች አትጠገብ።

«ለሞተ እምቢ አይባልም፣ ልጄ። በሕይወት ያለ ግን ነገም ተመልሶ ይለምናል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መዝገቡን ያሰረው ነው የሚፈታው። አባትሽ ‹ይቆረጥልኝ› ብለው አንድ ቃል ይላኩ፤ ሽማግሌዎቹን ዛሬውኑ እሰበስባለሁ።»

አንድ ቃል! ቁልቁለቱን እየሮጠች ወረደች። ደርሳም አልጋው ሥር ተንበረከከች።

«አባባ፣ ‹ይቆረጥልኝ› ይበሉ። እርስዎ ካላሉ መዝገቡ አይፈታም፤ መዝገቡ ካልተፈታ ዳኛው ቃል አይሰጡም፤ ዳኛው ቃል ካልሰጡ መጥረቢያው አይነሣም፤ መጥረቢያው ካልተነሣ ግንዱ አይወድቅም፤ ግንዱ ካልወደቀ መጋዙ አይሰነጥቅም፤ መጋዙ ካልሰነጠቀ መጭመቂያው አይጨምቅም፤ መጭመቂያው ካልጨመቀ ምድጃው አይነድም፤ ምድጃው ካልነደደ... አባባ፣ እጅዎ አይሞቅም።»

ሽማግሌው ከባናው ሥር ቀና አሉ።

«ናዳው ከቀበራቸው ቤቶች አንዱ የማን ነበር?»

«የአጎቴ።»

«እኔ ነኝ በዚህ እጄ ቆፍሬ ያወጣሁት። ከነልጆቹ። ዛሬ ለኔ እጅ አንድ ዛፍ፣ ነገ ለሌላው እግር አንድ ዛፍ... አልልም፣ ልጄ።» ሳል አቋረጣቸው፤ ሲመለስላቸው ፈገግ አሉ። «አንቺም ምድጃ ስትመርጪ መልኩን አየሽ እንጂ ቀለቡን አልጠየቅሽም።»

አትጠገብ እጆቻቸውን በመዳፎቿ መሐል አድርጋ ተነፈሰችባቸው። ትንፋሿ ደረሰ፤ ሙቀቷ ግን አልበቃም።

በሦስተኛው ቀን ጧት ጡሩምባ ተነፋ።

ጡሩምባው ቢነፋ መዝገቡ ተፈታ፤ መዝገቡ ቢፈታ ዳኛው ቃል ሰጡ፤ ዳኛው ቃል ቢሰጡ መጥረቢያው ተነሣ፤ መጥረቢያው ቢነሣ ግንዱ ወደቀ፤ ግንዱ ቢወድቅ መጋዙ ሰነጠቀ። ሳንቃው የሬሳ ሣጥን ሆነ፤ ሰጋቱራው ከሥር ተከመረ። አያ ጓንጉል ሊለምኑት ሳይጠብቅ ሰጋቱራውን ተሸክሞ ወሰደ፤ ጋሽ ጥላዬ በፀሐይ አስጥተው አደረቁት፤ መጭመቂያው ጨመቀ፤ በሠልስቱ ምድጃው ነደደ።

ለቀስተኛው ቤቱን ሞላው። ሙቀቱ ቢጠና ሰዉ ባናውን ከትከሻው አወረደ። ዳኛ አሥራደም ሁለት እጃቸውን ወደ እሳቱ ዘርግተው፣

«ጭስ የሚባል የለውም እኮ! መልካም ምድጃ መርጠሻል፣ ልጄ» አሉ።

አትጠገብ እጆቿን ከነጠላዋ ሥር አላወጣችም።

ባና ሠሪው ወልደየስ ሞቱ። እጃቸው ሳይሞቅ ተቀበሩ።