የሽታዬ የገና ስድብ

«ተረት ተረት!»
«የገና ዕለት!»

በድሮ ዘመን ሽታዬ የምትባል ጭሰኛ ነበረች። ባሏ ይግዛው ይባላል። ያላቸው አንድ በሬ ነው። ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው ያርሱበታል። እሱ ከሌለ ልጆቻቸው ጦም ያድራሉ።

የገና ዕለት ቅዳሴ አለቀና የአገሩ ወንድ ቆልማማ ዱላውን ይዞ ሜዳ ወረደ። እረኞቹ የጌታን መወለድ ሲሰሙ በዱላቸው ተጫወቱ ይባላል፤ ጨዋታው ከዚያ መጣ። በዚያ ቀን ባለ መሬትና ጭሰኛ እኩል ነው። ተመታሁ፣ ተሰደብኩ ብሎ መቀየም ነውር ነው።

ከዚያም ይግዛው ሩሯን፣ የእንጨቷን ኳስ፣ ቢለጋት የባለ መሬቱን የፊታውራሪ አበጋዝን ቅልጥም አገኘችው። ሰው ሳቀ። የፊታውራሪ ፊት ግን ጠቆረ።

፦ «የዚህን ሰውዬ በሬ ንዱልኝ!» አሉ።

አሽከሮቹም ነዱት። ስነግራችሁ እንኳ ደሜ ይፈላል! በገና ቀን የድሃ በሬ ይቀማል? ምን ዓይነት ሰው ነው?

ይግዛው ቤቱ ገባና አንገቱን ደፋ። ሽታዬ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ተነሣች።

፦ «ተይ ሴትዮ፣ ከመሬቱ ያስነቅሉናል!» አላት።

፦ «በሬ ከሌለን መሬቱን በጥርሴ ላርሰው ነው?» አለችና ወጣች።

ከፊታውራሪ ደጅ ቆመች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ገጠመች፦

«ጎራዴ ታጥቆ ሲያገሣ ሲያገሣ፣
ሩር ቢነካው ከድሃ በሬ አስነሣ!»

ሴቱ ሰማና መጣ። ወንዱም ተከተለ። ይግዛውም አፈረና መጣ። ሁሉም ግጥሙን ይቀበላት ጀመር።

ፊታውራሪ ብቅ አሉና፦ «ይቺን ባለጌ እሰሯት!» አሉ።

አሽከሮቹ ንቅንቅ አላሉም። በዚያ አገር የገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ተሳዳቢ አይነካም።

፦ «አበጋዝ!» አለች ሽታዬ። «ዛሬ አንቱ የለም። በሬዬን አምጣ!»

ፊታውራሪ አገር ሲስቅባቸው ጊዜ መሬት ጠበበቻቸው። በሬውን አስወጡ።

፦ «ይኸው በሬሽ። አሁን አፍሽን ዝጊ!»

ሽታዬ የበሬውን ገመድ ለይግዛው ሰጠችው። እሷ ግን ከደጁ አልሄደችም።

፦ «ይሄ የዛሬው ነው። አምና የወሰድከው የጤፍ ክምር አለ። ካቻምና ባሌን በሕመሙ ያሳጠርከው አጥር አለ። ፀሐይዋም ገና አልጠለቀችም!» አለችና ለሌላ ግጥም ማጨብጨብ ጀመረች።

በሉ፣ ተረቴን መልሱልኝ፤ የተቆጣ አፌን በድፎ ዳቦ አብርዱልኝ።