ለማይሰሙት የተሠራ ክሊፕ

አንዲት ተማሪ ነበረች። ጆሮዋ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አይሰማም፤ ስሟ ዘቢደር ይባላል።

ቆይ፣ ጥያቄሽን አልዘለልሁትም። «ለአራሶቹ ያን ሁሉ ለፍተን ፊታቸውን አዞሩብን፤ በጎ የሠራ ሰው ምስጋና አይገባውም ወይ?» ብለሽኛል። የምመልስልሽ እሱን ነው። እስክጨርስ ብቻ አታቋርጪኝ።

ዘቢደር የምትማርበት ግቢ የሚሰሙትም የማይሰሙትም አብረው የሚማሩበት ነው። ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆች ድምፅ ማጉያውን ከፍተው ዜና ያነባሉ፣ ቀልድ ያወራሉ፣ ዘፈን ይለቃሉ። ተማሪው ይስቃል። የማይሰሙት ደግሞ በሰልፉ ጫፍ ቆመው የሚስቀውን ሰው ያያሉ። ሺህ ሰው ፊትሽ ሲስቅ በምን እንደሚስቅ ሳታውቂ መቆም ምን እንደሚመስል እስቲ አስቢው። ያውም በየጠዋቱ። አንድም ቀን «እነዚህ ልጆችስ?» ያለ አልነበረም።

ታዲያ አንድ ጊዜ የትምህርት ቤቶች የክሊፕ ውድድር ወጣ። ተወዳዳሪው ክሊፑን ለእነማን እንደሚሠራ አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ የሚዳኘውም ለእነዚያ ሰዎች ምን ያህል እንደሠራላቸው ታይቶ ነው። የክበቡ ሊቀመንበር፣ ነገር የሚያውቅ ቀልጣፋ ልጅ፣ ጓደኞቹን ሰበሰበ።

«ለእናቶች እናድርገው» አለች አንዷ።

«ሁሉም ትምህርት ቤት እናቴ እናቴ ሲል ነው የሚመጣው። ሌላ!»

«ለሥራ አጥ ወጣቶችስ?»

«ኧረ ተበልቷል እሱ!»

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ቀልደኛ «እንግዲያው ለደንቆሮዎቹ ዘፈን እንዝፈንላቸዋ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። ሐሳቡን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ጻፈና «ይሄን ማንም አያስበውም» አለ። «ዳኞቹ ያለቅሳሉ።»

ነገሩ የተበላሸው እዚያው ላይ ነው። ልጆቹ ይወዱታል አላለም፤ ዳኞቹ ያለቅሳሉ ነው ያለው። ይህን ሁሉ ዘቢደር ያወቀችው በኋላ ነው። ያን ዕለት ያየችው ሊቀመንበሩ የምልክት ቋንቋ መምህርቷን አስከትሎ ወደ ክፍላቸው ሲገባ ነው። የሚሰማ ተማሪ ያንን በር አልፎ ሲገባ አይታ አታውቅም ነበርና ደስ አላት።

ክፉ ልጅ ነበር አልልሽም። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በመምህርቷ በኩል በደንብ ጠየቃቸው። ዘፈን ሲባል ምን ይሰማችኋል? ምን ብናሳያችሁ ትወዳላችሁ? የምትመልሰው ዘቢደር ብቻ ነበረች፤ መምህርቷ የእጇን እየተከተለች ትናገርላታለች።

«ከበሮው በአግዳሚው በኩል ይመጣልናል» አለች። «ግጥሙን ደግሞ በእጅ እንለዋለን። እጅና ፊት አብረው ነው የሚናገሩት፤ አንዱን ከቆረጥከው ሌላው ዲዳ ይሆናል። ብርሃን ላይ አቁመን። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ወደ ሌላ አትዝለል። ሌላ ምንም አንፈልግም።»

«ይሄማ ቀላል ነው!» አለ ልጁ። «ለእናንተ እኮ ነው። እናንተ ያላችሁት ነው የሚሆነው።»

እሱ ሲወጣ ክፍሉ ተጨቃጨቀ። በእጅ ነው የሚጨቃጨቁት፤ ግን ጭቅጭቅ ጭቅጭቅ ነው። ኋላ የሚቀመጠው ረጅሙ ልጅ ከሁሉም ብሶበት ነበር።

«ባለፈው ደብተር ሰጥተውን፣ ፎቶ አንስተውን የሄዱት እነማን ነበሩ?»

«እነዚህ ሌሎች ናቸው» አለች ዘቢደር።

«እነዚያም ያኔ ሌሎች ነበሩ!»

ልጆቹ ሳቁ። እሷ ግን አልተወችም። አንድ በአንድ ዞረች። ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳችን የሆነ ዘፈን ይኖረናል አለቻቸው። ቤታችሁ ወስዳችሁ ታሳያላችሁ፣ ታናናሾቻችሁ አብረዋችሁ ይሉታል አለቻቸው። አፈግፍገው ያስቸገሯትን ደግሞ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «በእኔ ይሁንባችሁ። ካልሆነ እኔን ጠይቁኝ» አለቻቸው። ሥራው ውስጥ የገቡት በክበቡ ተማምነው አይደለም፤ በእሷ ቃል ነው።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። መምህርቷ ድምፅ ማጉያውን አምጥታ ጠረጴዛ ላይ ትደፋዋለች፤ ልጆቹ መዳፋቸውን ጣውላው ላይ ዘርግተው ምቱን ይለምዱታል። ክበቡ የመረጠውን ዘፈን ግጥም ወደ እጅ የመለሰችው ዘቢደር ናት። «ስጠራሽ ውዬ፣ ነፋስ ድምፄን ወሰደው» የሚል ስንኝ ነበረበት። ድምፅ ለእነሱ ምን ይሆናል? ስለዚህ የምትጠራዋን እጅ ራሷን ነፋስ እንዲያጥፋት አደረገች፤ መዳፏ «ነዪ» ስትል ትሄድና ነፋሱ አዙሮ ወደ ራሷ ይመልስባታል። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ጮቤ ረገጡ። ያ ረጅም ልጅ ሳይቀር በእረፍት ሰዓት ለብቻው እጁን ሲያጥፍ ተይዟል።

የቀረጻው ቀን የሚሰሙት ተጫዋቾች ባለ ጥልፍ ቀሚሳቸውንና ድሪያቸውን አድርገው መጡ። የማይሰሙት በትምህርት ቤቱ ሰማያዊ ሹራብ ቆሙ፤ እጅ የሚታየው ጠቆር ባለ ልብስ ላይ ነውና ራሳቸው የመረጡት ነው። ዘፈኑን ከላይ እስከ ታች በእጃቸው አሉት፤ አንድም አልተሳሳተ። ሊቀመንበሩ ግን ዘቢደርን ወደ ቆርቆሮው አጥር ወሰዳት።

«ቆርቆሮውን ይዘሽ ወደ ውጭ እይ» አላት በመምህርቷ በኩል። «ትንሽ እንባ ቢኖርማ አሪፍ ነበር።»

«ለምን አለቅሳለሁ? ለእኛ ዘፈኑ የደስታ ነው እኮ።»

«ለማሳመሪያ ነው ዘቢ፤ አይዞሽ!»

ሽንኩርት የያዘች አንዲት ልጅ ከጎኑ ቆማ ነበር። ሽንኩርት! ልጅቷ ደስታዋን ልትዘፍን መጥታ በሽንኩርት አስለቀሷት። ይህን ባሰብሁ ቁጥር እንዲህ ደሜ ይፈላል። ዘቢደር ግን ለጓደኞቿ የሰጠችውን ቃል አስባ እሺ አለች። ካለቀ በኋላ ልየው ብላ ወደ ሚኒ ሚዲያው ክፍል ብትሄድ «ድንገት ብታዩት ይሻላል» ብለው በሩ ላይ መለሷት።

የወላጆች ቀን ደረሰ፤ የውድድሩ ዳኞችም የሌሎቹን ትምህርት ቤቶች ክሊፕ አይተው ጨርሰው የመጨረሻውን ሊያዩ መጡ። አዳራሹ ሞላ። ዳኞቹ ባለ መከዳ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የማይሰሙትን ተማሪዎች «የክብር እንግዶቻችን» ብለው የፊት ረድፍ ሰጧቸው። መብራቱ ጠፋ፤ ከላይ በትልቁ «መስማት ለተሳናቸው ወገኖቻችን» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ዘቢደር ዞር ብላ ጓደኞቿን አየች፤ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

መጀመሪያ የዘፋኙ ፊት መጣ። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከዚያ የዘቢደር መዳፍ መጣና ዓረፍተ ነገሩ ሳይጀምር ትከሻ የምትሰብቅ ልጅ ተተካች። ከዚያ ድሪ። ከዚያ እጅ፣ ፊት የሌለው። ከዚያ ፊት፣ እጅ የሌለው። በከበሮው ምት ነበር የሚቆራርጡት፤ አንድ ቃል እንኳ ተብሎ አያልቅም። «ነዪ» የምትለው እጅ ወጣች፤ ነፋሱ ሳይመጣ ወፍ በረረ። ከታች ግጥሙን የሚያነቡበት ጽሑፍ እንኳ የለም። ረጅም ሰዓት የታየው አጥሩ ነው። የእሷ ፊት፣ የሽንኩርቱ እንባ፣ ቀስ ብሎ ሲወርድ።

ጎኗ ያለችው ልጅ በክርኗ ነካ አደረገቻት። «ምን ይላል?»

ዘቢደር ስክሪኑን አየች። ግጥሙን ወደ እጅ የመለሰችው ራሷ ናት፤ ምን እንደሚል አላወቀችም።

ከረድፉ ጫፍ ረጅሙ ልጅ እጁን አነሣ። «ፊትሽ ያምራል» አላት። «ምን እያልሽ ነው ግን?»

ኋላቸው ያለው አዳራሽ ግን ያለቅስ ነበር። ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፤ ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አውልቋል፤ ሊቀመንበሩን አቅፈው ይስሙታል። ክሊፑ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ «ይደገም! ይደገም!» አለ። ተደገመ።

ዘቢደር ተነሣች። አልሮጠችም፤ አልጮኸችም። በግድግዳው በኩል ወደ ትልቁ ድምፅ ማጉያ ሄደችና ገመዱን ነቀለችው።

ሥዕሉ መሄዱን ቀጠለ። ዘፋኙ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ተጫዋቾቹ ያለ ዘፈን ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። ትንሽ ቆየና አዳራሹ ተንጫጫ። «ድምፅ! ኧረ ድምፅ! ምንድን ነው እሱ!» ወንዶቹ ያፏጫሉ፤ ወንበር ይንቋቋል። ግማሹን ዘፈን እንኳ አልታገሡም። እነዚያ ልጆች ዕድሜያቸውን ሙሉ የተቀመጡበትን እነሱ ለግማሽ ዘፈን መቀመጥ አቃታቸው!

ሊቀመንበሩ ሮጦ መጣ። ገመዱን ከእጇ ሊቀማ ሲል ያዘችው። ርዕሰ መምህሩ «ይህች ልጅ ምን ሆና ነው?» አለ። መምህርቷ መሐል ገባች። ዘቢደር ገመዱን በብብቷ ይዛ በሁለቱ እጆቿ ተናገረች፤ መምህርቷም እንዳለችው አለች።

«አሁን ሁላችንም እኩል አየነው። ምን ይላል?»

ከዳኞቹ መሐል አንዲት የተከበሩ ሴትዮ ለጎናቸው ሰው ያወሩ መስሏቸው «ሳይሰማ ምኑ ይታያል ታዲያ?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማቸው። መምህርቷም ሰማች፤ ወደ እጅ መልሳ ለፊት ረድፉ ነገረቻቸው።

ሊቀመንበሩ ፊቱ ቀልቶ ነበር። «ለእናንተ ብለን እኮ ነው የለፋነው!» ብሎ ጮኸ። «እንቅልፍ ያጣነው ለእናንተ ነው! ይሄ ነው ምስጋናችሁ?»

ዘቢደር ገመዱን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ በሩ ሄደች። የፊት ረድፉ በሙሉ ተነሥቶ ተከተላት። ኋላቸው ገመዱ ተሰክቶ ዘፈኑ ከጀመረበት ቀጠለ፤ ዋንጫውም ያን ዕለት ለዚያው ክሊፕ ተሰጠ። አዎ፣ ተሰጠ! ምን ብዬ ልዋሽሽ?

ግቢው ውስጥ ዘቢደር ቆመችና ጓደኞቿን ዞር ብላ ማየት ፈራች። በእኔ ይሁንባችሁ ያለቻቸው እሷ ናትና። ረጅሙ ልጅ መጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ።

«ተናድጄብሻለሁ» አላት።

«ታውቃለህ፣ እኔ...»

«ገመዱን ይዘሽው ነበር መውጣት!»

ሳቁ። ባንዲራው ሥር ክብ ሠርተው ቆሙና ረጅሙ ልጅ በእግሩ መሬቱን እየመታ ዘፈኑን ከላይ እስከ ታች በእጃቸው አሉት፤ እጅና ፊት አብሮ፣ አንድም ቃል ሳይቆረጥ። ካሜራ አልነበረም። ያየው ጥበቃው ብቻ ነው።

እንግዲህ አንቺ ልጄ፣ አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ከማኅበራችሁ ጋር ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ለአራሶቹ ልብስና አጥሚት ሰጥታችኋል፤ ጥሩ አድርጋችኋል። ግን እስኪ ንገሪኝ፣ ሕፃናቱ በተኙበት ሰዓት ከበሮና ካሜራ ይዛችሁ የገባችሁት ለማን ነበር? ደም ያልደረቀላትን ሴት ተነሥተሽ ተቀመጪ፣ ልጁን ወደ ብርሃኑ አዙሪው ያላችኋት ለማን ነበር? አንዷ ጡቷን ለመሸፈን ነጠላዋን ስትጎትት «ቆይ፣ እንዲህ ያምራል» ያላት ማን ነው? ስትነግሪኝ እየሳቅሽ ነበር የነገርሽኝ። እኔ አልሳቅሁም፤ በዚያ አልጋ ላይ ተኝቼ አውቀዋለሁና።

ልብሱን አልጠሉትም። እናንተንም አልጠሏችሁም። ፊታቸውን ያዞሩት ለእነሱ በተባለው ነገር ውስጥ ራሳቸውን ፈልገው ስላጡ ነው፤ ዘቢደር በገዛ ዘፈኗ ውስጥ የራሷን ቃል እንዳጣችው።

ምስጋና አይገባንም ወይ አልሽኝ። ይገባችኋል። ግን ከአራሶቹ አትጠብቂው። ፎቶውን አይተው «እንዴት ያሉ ደጎች ናችሁ» ያሏችሁ ሰዎች አሉ አይደል? ሄደሽ እነሱን ጠይቂያቸው፤ የሠራችሁት ለእነሱ ነው።