አህያዋ ከገደል መዝለል የተማረችበት ሰሞን

አንድ ጊዜ፣ በጥልቅ ገደል አፋፍ ላይ በተንጣለለ ሜዳ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ጭነት ስትሸከም የኖረች አንዲት አህያ ነበረች። እርጅና ሲጫጫናት ጌታዋ ሜዳው ላይ ለቀቃት። ሥራ ስላልነበራት ጠዋት ጠዋት አፋፉ ላይ ቆማ አሞራዎችን ታያለች። አሞራዎቹ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አንዴም ሳያራግቡ፣ ነፋሱ ላይ ተኝተው ይንሳፈፋሉ።

«አንድ ቀን እንኳ» አለች ለራሷ፣ «ጀርባዬ ላይ ምንም ሳይኖር፣ እግሬም መሬት ሳይነካ፣ እንዲያ ብሆን ምን ነበረበት?»

ቀበሮ ሰማት።

«እመት አህያ፣ እንዴት አደሩ?» አላት።

አህያዋ ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንዳለ አየች። በሕይወቷ «እርስዎ» ብሎ የጠራት አልነበረም።

«ደህና፣ አያ ቀበሮ» አለች እየፈራች።

«መንሳፈፍ አምሮዎታል መሰለኝ። ክንፍ የለኝም ብለው አይዘኑ። እኔ ዘንድ አንድ ሰፊ የበሬ ቆዳ አለ። በአራት ጠፍር ትከሻዎና ዳሌዎ ላይ እናስረዋለን። ሲዘሉ ነፋስ ይሞላዋል፤ እንደ ላባ ቀስ ብለው ይወርዳሉ። እኔ አስተምርዎታለሁ።»

«አንተ ዘለህ ታውቃለህ?»

ቀበሮ ወደ ገደሉ አየት አድርጎ ጅራቱን ሰበሰበ። «አስተማሪው ከዘለለ ተማሪውን ማን ያያል?»

መልሱ ልክ አልመሰላትም። ነገር ግን እንዲህ አክብሮ ያናገራትን መከራከር አሳፈራት።

ቀበሮ በዚያው ቀን ወደ ገደሉ ግርጌ ወርዶ ጅብን አገኘው።

«አያ ጅቦ፣ በሦስተኛው ቀን ሥጋ ከሰማይ ይወርድልሃል። እዚህ ካለው ሾላ ሥር ቁጭ ብለህ ጠብቅ። ጉበቱን ብቻ ለእኔ ተውልኝ።»

ጅብ ወደ ሰማይ አንጋጦ አፉን ከፈተ። «ዛሬ አይወርድም?»

«ዛሬ አይወርድም።»

«ነገስ?»

«በሦስተኛው ቀን ነው ያልኩህ፣ አያ ጅቦ።»

በማግስቱ ትምህርቱ ተጀመረ። መጀመሪያ ከኩይሳ ላይ ነበር። ቀበሮ ጥላ ሥር ተቀምጦ «ጉልበት ማጠፍ፣ አንገት ቀና» ይላል፤ አህያዋ ትዘላለች። ሁለት ጊዜ በአፍንጫዋ ተደፋች። ጉልበቷ ተላጠ። አፈሩን ከአፏ አራግፋ እንደገና ኩይሳው ላይ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ቆዳውን አስራ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ መዝለል ጀመረች። ስንት ጊዜ እንደወደቀች እንጃ፤ በመጨረሻ ግን ቆዳው ነፋስ ሞልቶት ድው አለና እግሮቿ መሬት ለመድረስ ጥቂት ዘገዩ። ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ብቻ ነው። አህያዋ አቧራው ውስጥ ተቀምጣ ሳቀች። ሣር መንጨት እንኳ ረስታ ዋለች።

ጅብ ግን ሦስተኛውን ቀን መጠበቅ አልቻለም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ሜዳው ወጣ። ቋጥኙ ላይ የተሰጣውን ቆዳ ሲያገኝ አንዱን ጠፍር እስከ ግማሹ ቆረጠመ። ወደ ቀሪው ሲዞር ቀበሮ ደርሶ በድንጋይ አባረረው። ቀበሮ የተበላውን ጠፍር አየ። ሊለውጠው ይችል ነበር። ግን የጅብ ጥርስ ያረፈበት እንዳይታይ ቆዳውን ገልብጦ አስቀመጠው።

ወሬው ሜዳውን አዳርሶ ነበርና በሦስተኛው ቀን እንስሳቱ ሁሉ በጧት መጡ። ጦጣዎች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ከርከሮ፣ ሚዳቋ፣ ፍየሎች፣ ሁሉም ደህና ቦታ ለመያዝ ተጋፉ። ጥንቸል ከሁሉም ቀድማ ከፊት ተቀምጣለች።

አህያዋ ቆዳው ሲታሰርባት አንገቷን አዙራ ጠፍሩን አየችው።

«አያ ቀበሮ» አለች በሹክሹክታ፣ «ይሄኛው ተቆርጥሟል።»

«ሦስቱ ይበቃሉ። ይልቅ ያን ሁሉ ሕዝብ ይዩት፤ ለእርስዎ ብሎ ነው የመጣው።»

«ለነገ ብናደርገውስ?»

ቀበሮ ድምፁን ከፍ አደረገ። «እመት አህያ ጥቂት ፈርተዋል፤ ታገሱን።»

ጦጣዎቹ ተሳሳቁ። ጥንቸል ግን ጠፍሩን አይታዋለች። ዓይኗ ከአህያዋ ዓይን ጋር ተጋጠመ። አፏን ልትከፍት ብላ ግራ ቀኟን አየች፣ ከዚያም ተደላድላ ተቀመጠች። ከጧት ጀምሮ የያዘችው ቦታ ጥሩ ነበር።

«አሁን ብመለስ» አለች አህያዋ በልቧ፣ «ከነገ ጀምሮ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

ዘለለች።

ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር። ቆዳው ሞላ፣ ጩኸቱ ከላይ እየራቀ ሄደ፣ አንድ አሞራ በአጠገቧ አለፈ። ጀርባዋ ላይ ምንም የለም። ለሦስት ትንፋሽ ያህል ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችው ሆነላት። በአራተኛው ላይ ጠፍሩ ተበጠሰ። ቆዳው በአንድ ጎን ተጠቀለለ፤ ነፋሱም ከሾላው አርቆ ወስዶ ከማዶ ካለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ላይ ጣላት። የኋላ ቀኝ እግሯ ተሰበረ።

ጅብ ሾላው ሥር ሆኖ ሁሉንም አይቷል። «እዚያ ማዶ አንድ ነገር ወደቀ» አለ። «እኔ ግን የተባልኩት ሾላው ሥር ነው። ያ የሌላ ድርሻ ይሆናል፤ የኔ ገና ነው።» እስኪመሽ አንጋጦ ተቀመጠ። እስኪገባው ድረስ አህያዋ በሦስት እግሯ በገደሉ ግርጌ ያለውን ወንዝ ተሻግራ ነበር።

ዳገቱን ለመውጣት ስምንት ቀን ፈጀባት። አፋፉ ላይ ስትደርስ ሁካታ ሰማች። ያው ሕዝብ ተሰብስቧል። አንዲት ጥቁር ፍየል ሌላ ቆዳ ታስሮባት ጫፉ ላይ ቆማለች።

«እመት አህያ የወደቁት» ይላል ቀበሮ፣ «ጉልበታቸውን ስላላጠፉ ነው። ያልኳቸውን ቢሰሙ ኖሮ ዛሬ ከእኛ ጋር ነበሩ።»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጉልበቴን አጥፌ ነበር» አለች አህያዋ ከኋላቸው። «ጠፍሩ ተቆርጥሞ ነው። ጥንቸል አይታለች።»

ሁሉም ወደ ጥንቸል ዞሩ።

«እኔ ራቅ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት» አለች ጥንቸል።

«አንቺ ወደቅኩ ብለሽ የተማሪ ልብ አትስበሪ» አላት ቀበሮ። ከጦጣዎቹም አንዷ «እስኪ ዞር በይ፣ ጋረድሽን» አለች።

አህያዋ ግን ሕዝቡን እየገፋች ፍየሏ አጠገብ ደረሰች። ፍየሏ የአህያዋን የተንጠለጠለ እግር አየች።

«ጠፍሬን እዪልኝ» አለቻት ቀስ ብላ።

አህያዋ አጎንብሳ አየች። «ሁለቱ አርጅተዋል። ተመለሺ፣ ልጄ።»

ፍየሏ ወደ ኋላ ዞራ ያን ሁሉ ዓይን አየች።

«ሁሉም እያዩኝ?» አለች። ዘለለችም።

አህያዋ ዓይኗን ጨፈነች። ከታች የመውደቅ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ በኋላ እንስሳቱ አቧራቸውን እያራገፉ ተነሡ፤ ጦጣዎቹም በሚቀጥለው ጊዜ ከዚህ የተሻለ ቦታ እንደሚይዙ እየተነጋገሩ ሄዱ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሰው ፊት ላለማፈር ብለን ስንዘል ሊያየን የመጣው ሁሉ በሰላም ወደ ቤቱ እንደሚገባና መሬቱን የምናገኘው እኛ ብቻ እንደሆንን ነው።